ቁስልና ሽረት በተመሳሳይ ጾታ የፍቅር ድራማዎች ውስጥ፤ አንድ የትረካ መዋቅር ምልከታ

መግቢያ

የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ በሥነ ጽሑፍ ጥናት ክፍሎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ራሱን እንደቻለ የጥናት መስክ ሳይቆጠር ኖሯል። ሆኖም ልብ ወለድና ተውኔት በሚተነተኑበት መሣሪያ ድራማውንም መመርመር እንደሚቻል አጠያያቂ አይደለም። ትልም አለው፤ ገጸ ባሕርያት አሉት፤ መቼት፣ ግጭት፣ ምልሰትና ንግር አሉት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእነዚሁ በምናውቃቸው መሣሪያዎች በመገልገል አንድ የተወሰነ ጉዳይ ማብራራት ነው። ይኸውም በሁለት ወንዶች መካከል ያለን ፍቅር የሚተርኩ የቴሌቪዥን ድራማዎች የሥነ ልቦናን ቁስልና የቁስሉን መሻር በምን ዓይነት መዋቅር እንደሚያቀርቡ ማሳየት ነው።

ለዚህ የመረጥኳቸው ድራማዎች በታይላንድ፣ በብሪታንያና በአሜሪካ የተሠሩ ናቸው። በአገራችን እንዲህ ያለው ግንኙነት በወንጀል ሕግ የተከለከለ በመሆኑና በአደባባይም ስለማይወራ፣ በአማርኛ የተጻፈ የትረካ ትንታኔ እንደ ልብ አይገኝም። እኔ የማተኩረው በሥራዎቹ አወቃቀር ላይ ነው። ይሁን እንጂ አወቃቀሩ የሚያስነሣው ጥያቄ ከእነዚህ ድራማዎች አልፎ፣ ስለ ቆሰለ ሰው በሚተርክ በማንኛውም ታሪክ ላይ የሚነሣ ነው፤ ታሪኩ ሲያልቅ «ዳነ» የምንለው ሰው በእርግጥ ምን ሆኖለት ነው?

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። በእነዚህ ድራማዎች ውስጥ የሚታየው ቁስል በአመዛኙ ከማኅበረሰብ እጅ የመጣ ነው፤ ከአባት፣ ከትምህርት ቤት፣ ከመንግሥት። ስለሆነም ሁለቱ ፍቅረኞች ብቻቸውን በር ዘግተው ሊያድኑት አይችሉም። ይህን የተረዳ ድራማ ትልሙን ከጥንዶቹ ክፍል አውጥቶ ወደ አቁሳዩ ወገን ይወስደዋል። ያልተረዳው ደግሞ ፍቅረኛውን ሐኪም ያደርገውና ታሪኩን በዚያው ይዘጋዋል።

1. ስለ ቃላቱ

«ትራውማ» የሚለው ቃል ከግሪክ የተገኘ ሲሆን ፍቺውም ቁስል ማለት ነው። ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ለአካል ቁስል ብቻ ሲጠቀሙበት ቆይተው፣ ከ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ወዲህ ለአእምሮ ጉዳትም መጠሪያ ሆኗል። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1920 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በሕልማቸው ደጋግመው ወደ አደጋው ቦታ መመለሳቸው እንቆቅልሽ ሆኖበት ነበር። ሰው ደስታን የሚሻ ከሆነ ለምን ወደ ሥቃዩ ይመለሳል? አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ካቲ ካሩት በ1996 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጥያቄ ወደ ትረካ ጥናት አምጥታ፣ ከባድ ጉዳት በደረሰበት ቅጽበት በወጉ እንደማይታወቅና ኋላ ዘግይቶ ሳይጠሩት እየተመለሰ ራሱን እንደሚያሳውቅ አስረድታለች። ከዚህ አንጻር ምልሰት የቆሰለ አእምሮ የሚሠራበት መንገድ በመሆኑ፣ በእንዲህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ ከትረካ ማሳመሪያነት ያለፈ ቦታ አለው ማለት ነው።

ወደ አማርኛ ስንመጣ ቋንቋችን ለቁስል ያለው የቃላት ሀብት ለዚህ ጥናት የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቁስል ይመረቅዛል፤ ይጠግጋል፤ ይሽራል፤ ያገረሻል፤ ጠባሳ ይተዋል። ከእነዚህ ውስጥ «ሻረ» እና «ተፈወሰ» የሚሉትን ሁለት ግሦች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። «ተፈወሰ» ስንል ከውጭ የመጣ ፈዋሽ አለ፤ ሐኪም ወይም ተአምር አድራጊ። ድርጊቱም በአንድ ጊዜ የተፈጸመ ይመስላል። «ሻረ» ስንል ግን የግሡ ባለቤት ቁስሉ ራሱ ነው። ሰው ሊያደርግለት የሚችለው ማጠብ፣ ንጹሕ ጨርቅ ማሰርና መጠበቅ ነው። ከሻረ በኋላም ጠባሳው ይቀራል፤ ሊያገረሽም ይችላል። እንግዲህ ከዚህ በታች «የፈውስ ትልም» እና «የሽረት ትልም» የምላቸው ሁለት ዓይነት አወቃቀሮች በዚህ ልዩነት ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

የሥነ አእምሮ ሐኪም የሆነችው ጁዲት ሄርማን በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የማገገምን ሂደት በሦስት ደረጃዎች ከፍላዋለች፤ በቅድሚያ ከአደጋ መጠበቅ፣ ቀጥሎ የሆነውን ማስታወስና ማልቀስ፣ በመጨረሻም ከሰው ጋር እንደገና መገናኘት። ጉዳቱን ማኅበረሰቡ በአደባባይ ማወቁና ለመካስ መነሣቱ ለተጎጂው መሠረታዊ መሆኑንም አስምራበታለች። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለምንመረምራቸው ድራማዎች ቁልፍ ነው።

አንድ ታሪካዊ እውነታም እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከአእምሮ በሽታዎች ዝርዝር እንዲወጣ የወሰነው በ1973 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ጭንቀት በዚያው መዝገብ ውስጥ ያስገባው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ ፍቅሩ ከዝርዝሩ ወጣ፤ ቁስሉ ገባ። ቀድሞ «መዳን» ማለት ከፍቅሩ መዳን ነበር። በዛሬዎቹ ድራማዎች ውስጥ ግን የሚዳነው በፍቅሩ ምክንያት ከደረሰው ጉዳት ነው። የዘርፉ ትረካ በሙሉ የቆመው በዚህ የትርጉም ለውጥ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

2. የዘርፉ መነሻ

ዛሬ በእስያ የሚሠሩት ድራማዎች የዘር ሐረግ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በጃፓን ከታተሙ በሥዕል ከሚተረኩ ልብ ወለዶች ይመዘዛል። ደራሲዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ ሥራዎቹም የወጡት በልጃገረዶች መጽሔቶች ላይ ነው። ሞቶ ሃጊዮ በ1974 እ.ኤ.አ. የጀመረችው «የቶማስ ልብ» የሚከፈተው አንድ ተማሪ ሕይወቱን በማጥፋቱ ነው። ሟቹ ይወደው የነበረው ዩሊ በበኩሉ በትልልቅ ተማሪዎች በደረሰበት ግፍ ምክንያት ለመወደድ የማይገባው ሰው እንደሆነ ያምናል። ኬይኮ ታኬሚያ በ1976 እ.ኤ.አ. የጀመረችው «የነፋስና የዛፎች መዝሙር»ም በልጅነቱ በገዛ አሳዳጊው የተጎዳ ልጅን ታሪክ ማዕከል ያደረገ ነው። ከዚህ የምንረዳው ቁስል በዘርፉ ላይ በኋላ የተጨመረ ጌጥ ሳይሆን አብሮት የተወለደ መሆኑን ነው። ይህ ትውፊት ወደ ታይላንድ ተሻግሮ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የተላለፈው «ላቭ ሲክ» የተባለው የተማሪዎች ታሪክ ከቀረበ ወዲህ በቴሌቪዥን ሰፊ ተመልካች ያለው ዘርፍ ሆኗል።

በምዕራቡ ዓለም ያለው ትውፊት ሌላ ነው። ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 1960ዎቹ መገባደጃ ድረስ በሥራ ላይ የነበረው የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ እንዲህ ያለውን ፍቅር በግልጽ ማሳየትን ከልክሎ ነበር። ገጸ ባሕርዩ ቢቀርብ እንኳ በሽፍንፍን ነበር፤ መጨረሻውም በአብዛኛው ሞት ነበር። ቪቶ ሩሶ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የፊልም ታሪክ ጥናቱ የእነዚህን ገጸ ባሕርያት አሟሟት በዝርዝር መዝግቧል። እንግዲህ በሁለቱም ትውፊቶች በታሪኩ ደጃፍ ላይ አንድ አስከሬን አለ። ልዩነቱ ያለው አስከሬኑ የት ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ በታሪኩ መጨረሻ ወይስ በመጀመሪያው?

3. ከመቃብር የሚጀምር ታሪክ

«ዳግም እስክንገናኝ» የተባለው የታይላንድ ድራማ ከኅዳር ወር 2019 እስከ መጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. በ17 ክፍሎች ተላልፏል። መነሻው ሌዚሺፕ በሚል የብዕር ስም የቀረበ «ቀይ ክር» የተባለ ልብ ወለድ ነው። ርእሱ የሩቅ ምሥራቅ አፈ ታሪክን ይጠቅሳል፤ ለመገናኘት የታደሉ ሁለት ሰዎች በማይታይ ቀይ ክር የታሰሩ ናቸው የሚለውን። ድራማው ሲከፈት ኮርንና ኢን የተባሉ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአባቶቻቸውን ተቃውሞ መቋቋም አቅቷቸው ሲሞቱ እናያለን። ከሠላሳ ዓመታት ገደማ በኋላ ዲንና ፋርም የተባሉ ሁለት ወጣቶች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ይገናኛሉ። የቀድሞዎቹ ሟቾች ዳግም የተወለዱት በእነርሱ ውስጥ ነው።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይህን ሲመለከት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ማስታወሱ አይቀርም። የሁለቱ ሥራዎች ዓለም የተለያየ ነው፤ የበዛብህንና የሰብለወንጌልን ፍቅር የሚያግደው የዘርና የማዕረግ ልዩነት ነው። የግጭቱ ቅርጽ ግን ይመሳሰላል። በሁለቱም ዘንድ የአባት ክብር ከልጅ ሕይወት ይቀድማል፤ በሁለቱም ዘንድ ፍቅረኞቹን የሚያገናኛቸው መቃብር ነው። የሐዲስ ልብ ወለድ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ሐዘኑንም አንባቢው ይዞት ይሄዳል። የታይላንዱ ድራማ ደግሞ እዚያ ላይ ይጀምራል። ይህ የመነሻ ልዩነት የታሪኩን ጥያቄ ይለውጠዋል። «ይገናኙ ይሆን?» ብለን መጠየቃችን ቀርቶ «ከሞቱ በኋላ ምን ቀረ?» ብለን እንጠይቃለን።

የቀረው ቁስል ነው። ፋርም ሌሊት በቅዠት እያለቀሰ ይነቃል፤ ምን እንዳስለቀሰው ግን አያውቅም። በጆሮ ግንዱ አካባቢ ከልደቱ ጀምሮ ምልክት አለው፤ የዚያኛው ሕይወት መጨረሻ በአካሉ ላይ ተጽፎ የመጣ ያህል ነው። ከላይ ካሩት ስለ ጉዳት የተናገረችውን እናስታውስ፤ ቁስሉ ባለቤቱ በወጉ ያላወቀውን ነገር ይዞ ይመለሳል። ዳግም ልደት የሚለው የቡድሃ እምነት ሐሳብ በዚህ ድራማ ውስጥ ለዚህ የሥነ ልቦና እውነት ተጨባጭ አካል ይሰጠዋል። ፋርም የሚያስታውሰው ያልኖረበትን ሕይወት ነው። ምልሰቱም ተራኪው ለተመልካቹ የሚሰጠው መረጃ ከመሆኑ በፊት በገጸ ባሕርዩ ላይ የሚወርድ ሕመም ነው።

ድራማውን ከመሰሎቹ የሚለየው ግን የሚከተለው ይመስለኛል። ሁለቱ ወጣቶች ገና በታሪኩ መጀመሪያ ተገናኝተው ይፋቀራሉ። ፋርም ምግብና ጣፋጭ ይሠራል፤ ዲን ይበላለታል። ሄርማን የመጀመሪያ ደረጃ ያለችው፣ ከአደጋ የተጠበቀ ቦታ፣ በወጥ ቤት ውስጥ ተገኝቷል ማለት ነው። የፈውስ ትልም ቢሆን ኖሮ ቅዠቱ እዚህ ላይ ይቆም ነበር። ግን አልቆመም፤ እንዲያውም ፍቅሩ በጠነከረ መጠን ትዝታው እየከፋ ይሄዳል። ማረፊያ ያገኘ ሰው ነውና ማስታወስ የሚችለው። ቀጥሎ የሚመጣው ፍለጋ ነው፤ ሟቾቹ እነማን ነበሩ? ለምን ሞቱ? ፍለጋው ከጥንዶቹ ክፍል አውጥቶ ወደ ሁለቱ ቤተሰቦችና ወደ ቀድሞው ታሪክ ባለቤቶች ይወስዳቸዋል። «ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም» እንዲሉ፣ ተወጊው ሞቶም አልረሳም። ድራማው የሚለው ዳግም መወለድ ሁለተኛ ዕድል መሆኑን ብቻ ነው፤ ቁስሉ የሚሽረው በዝምታ የታለፈው ታሪክ ሲነገርና የሚመለከታቸው ሰዎች ሲሰሙት ነው።

የድራማውን ገደብም መጥቀስ ተገቢ ነው። ግጭቱን በዕጣ ፈንታና በአባቶች ላይ ብቻ ስለሚያሳርፈው፣ ሕግና መንግሥት ከታሪኩ ውጭ ይቀራሉ። በታይላንድ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሕጋዊ ሆኖ በሥራ ላይ የዋለው ድራማው ከተላለፈ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ነው። የተማሪዎቹ ፍቅር ምን ዓይነት የሕግ ከለላ እንዳልነበረው ከድራማው ብቻ መረዳት አይቻልም።

4. ሐኪም ያልሆነው ፍቅረኛ

«ሃርትስቶፐር» የተባለው የብሪታንያ ድራማ አሊስ ኦስማን ከጻፈችውና በሥዕል ከተረከችው ታሪክ የተወሰደ ሲሆን በኔትፍሊክስ መታየት የጀመረው በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ነው። ቻርሊ የተባለው ተማሪ ኒክ ከተባለ የትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር ይፋቀራል። ቻርሊ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ማንነቱ በመታወቁ በተማሪዎች ተንገላቷል። ይህ ያለፈ ጉዳት በመጀመሪያው ምዕራፍ በዝርዝር አይታይም፤ የሚታየው በቻርሊ አነጋገር ውስጥ ነው። ላላጠፋው ጥፋት፣ ለያዘው ቦታ፣ ለመኖሩ ጭምር «ይቅርታ» ይላል። ደራሲዋ ቁስሉን ያስቀመጠችው በአንዲት ተደጋጋሚ ቃል ላይ ነው። የገጸ ባሕርይ አሳሳልን ለሚያጠና ተማሪ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ በደስታ ስለሚያልቅ ብዙ ተመልካች ፍቅር ቁስሉን አድኖታል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ኦስማን ግን በቀጣዮቹ ምዕራፎች ይህን እምነት ራሷ ታፈርሰዋለች። በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. በቀረበው ሁለተኛ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ቻርሊ በዚያ ክፉ ጊዜ ራሱን ይጎዳ እንደነበር ለኒክ ይነግረዋል። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. በቀረበው ሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ምግብ መብላት የማይችልበት ሕመም እንደያዘው ይታወቃል። ቁስሉ በደስታው ሥር ሲመረቅዝ ኖሯል ማለት ነው። በቋንቋችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ቻርሊ የደበቀው ደግሞ ከሚወደው ሰው ነው፤ እንዳያሳዝነው።

እዚህ ላይ የኒክ ፈተና የትልሙ መገናኛ ይሆናል። ኒክ ፍቅሩ በቂ መስሎት ቻርሊን ብቻውን ሊያድነው ይፈልጋል። አክስቱ ግን ይህ በእርሱ አቅም የሚሠራ እንዳልሆነ፣ ጉዳዩ ወደ ወላጅና ወደ ሐኪም መድረስ እንዳለበት ታስረዳዋለች። ቻርሊ ለወላጆቹ ይናገራል፤ ሆስፒታል ገብቶም ይታከማል። የሕክምናው ወራት የሚተረኩት ከስምንቱ ክፍሎች በአራተኛው ውስጥ ነው። የክፍሉን አቀማመጥ ልብ እንበል፤ ሕክምናው የታሪኩ ፍጻሜ ቢሆን ኖሮ በስምንተኛው ክፍል ላይ ይቀመጥ ነበር። ከሆስፒታል ከተመለሰ በኋላ ገና አራት ክፍሎች ይቀራሉ፤ በእነዚያም ውስጥ ቻርሊ ከሕመሙ ጋር እየኖረ፣ እየሳቀ፣ እየፈራና እንደገና እየሞከረ ይታያል። የሽረት ትልም ይህን ይመስላል። ፍቅረኛው ከቁስሉ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል እንጂ በእጁ ዳስሶ አያድንም።

5. አቁሳዩ ፊት ለፊት ሲመጣ

ራስል ቲ. ዴቪስ የጻፈው «ኃጢአት ነው» የተባለ የብሪታንያ ድራማ በጥር 2021 እ.ኤ.አ. በአምስት ክፍሎች ተላልፏል። ታሪኩ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ ለንደን የመጡ ወጣቶችን እስከ 1991 ድረስ ይከተላል፤ ዘመኑ የኤድስ ወረርሽኝ የጀመረበት ነው። ከቀደሙት ሁለቱ ይልቅ የጓደኝነት ታሪክ ቢሆንም፣ የማነሣው የቁስሉን አምጪ በግልጽ ስለሚያቀርበው ነው። ከወጣቶቹ አንዱ ሪቺ በሽታው ጠንቶበት ወደ ትውልድ ደሴቱ ሲወሰድ፣ እናቱ ጓደኞቹን ከደጅ ትመልሳቸዋለች። እርሱም ሳያያቸው ይሞታል። ለለቅሶ የመጣን ሰው መመለስ በእኛ ባህል ምን ያህል ነውር እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ የዚህ ትዕይንት ክብደት አይጠፋውም። ጂል የተባለችው ጓደኛው እናቱን ፊት ለፊት ትወቅሳታለች፤ በሆስፒታሎቹ የተኙት ወጣቶች ሞት የሚገባቸው መስሏቸው የሚሞቱት ከየቤታቸው ይዘውት ከመጡት እፍረት የተነሣ መሆኑን ትነግራታለች። እናቲቱ መልስ የላትም፤ እርቅም አይፈጸምም። ጂል በመጨረሻ ጠያቂ በሌለው አንድ የማታውቀው በሽተኛ አልጋ አጠገብ ሄዳ ትቀመጣለች።

ይህ አጨራረስ ለክርክሬ ተቃራኒ ሊመስል ይችላል፤ አቁሳዩ ወገን ጥፋቱን አላመነምና። እኔ ግን እንደ ማጠናከሪያ እወስደዋለሁ። ድራማው ሽረት ያልተገኘበትን ምክንያት በትክክል ያሳያል፤ መናገር የነበረበት አፍ ዝም ስላለ ነው። የጂል ሥራ ደግሞ ለሟቹ ያልሆነለት ነገር ለሌላው እንዲሆን ማድረግ ነው። ድራማው ከቤተሰቡ ጎን መንግሥትንም አይረሳም። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ 28ኛ አንቀጽ እንዲህ ያለውን ፍቅር «ማስፋፋት»ን ሲከለክል በትምህርት ቤት መጻሕፍት ላይ ያስከተለውን ፍርሃት ከገጸ ባሕርያቱ በአንዱ አማካይነት እናያለን። በእንግሊዝና በዌልስ ይህ አንቀጽ የተሻረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። የ«ሃርትስቶፐር» ተማሪዎች በቤተ መጻሕፍትና በክፍል ውስጥ በነጻነት የሚነጋገሩት ከዚያ በኋላ በመጣ ትውልድ ውስጥ ስለሆነ፣ ሁለቱን ድራማዎች አከታትሎ ማየት ያስተምራል።

በ2023 እ.ኤ.አ. የተላለፈው «የመንገድ ጓዶች» የተባለው ባለ ስምንት ክፍል የአሜሪካ ድራማ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። የተወሰደው ቶማስ ማሎን በ2007 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ልብ ወለድ ሲሆን ለቴሌቪዥን ያዘጋጀው ሮን ናይስዋነር ነው። ታሪኩ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ይጀምራል። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በሚያዝያ 1953 እ.ኤ.አ. ያወጡት 10450 ቁጥር ትእዛዝ እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ከመንግሥት ሥራ እንዲባረሩ መንገድ ከፍቶ ነበር። የመንግሥት ባለሥልጣን የሆነው ሆኪንስ ፉለር ቲም ላፍሊን የተባለውን ወጣት ይወዳል፤ ራሱን ለማዳንም አሳልፎ ይሰጠዋል። በዚህ ድራማ አቁሳዩና ፍቅረኛው አንድ ሰው ናቸው። መንግሥት በፍርሃት አማካይነት በፍቅረኛው እጅ ይወጋል።

ትልሙ በሁለት ዘመን የተሸመነ ነው። የ1950ዎቹ ምልሰት እየቀረበ ሳለ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ሆኪንስ በኤድስ የታመመውን ቲምን ፍለጋ ሲሄድ እናያለን። በሁለቱ መካከል ያለው ፍቅር ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላም አልጠፋም፤ ሆኖም ፍቅሩ መኖሩ ብቻ ክህደቱን አልሻረውም። ድራማው የሚያበቃው ቲም ከሞተ በኋላ በዋሽንግተን አደባባይ ነው። በጥቅምት 1987 እ.ኤ.አ. በኤድስ የሞቱ ሰዎች ስም የተሰፋበት ታላቅ የመታሰቢያ ጨርቅ በዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘርግቶ ነበር። ቁራጮቹ 1,920 ነበሩ፤ የእያንዳንዱም ስፋት 90 በ180 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ከአንድ መቃብር ልክ ጋር ይቀራረባል። ሆኪንስ የቲም ስም በተሰፋበት ቁራጭ አጠገብ ቆሞ፣ ሟቹ የወደደው ሰው እንደነበር ለልጁ ይነግራታል። በዕድሜ ልኩ የደበቀውን ቃል የተናገረው በአደባባይ፣ ለቤተሰቡ አባል ነው። ለቲም ዘግይቷል። ይሁን እንጂ ምስክርነቱ ካልተነገረ የሚሻር ቁስል እንደሌለ የድራማው አወቃቀር ራሱ ይመሰክራል።

6. የአቋራጩ መንገድ አደጋ

ከላይ ያየናቸው የተሻሉት ናቸው። በዘርፉ ውስጥ የሚበዛው ግን የፈውስ ትልም ነው። ጀግናው በልጅነቱ ተጎድቷል፤ ማንንም አያምንም፤ ትዕግሥተኛ ፍቅረኛ ይመጣል፤ ቅዠቱ ይጠፋል። በዚህ ዓይነቱ ታሪክ ውስጥ ቁስሉ የሚያገለግለው ፍቅሩን ለማዘግየት ነው። መሰናክል ሆኖ ይቆማል፤ ሲታለፍ ይረሳል።

ከዚህ የባሰ የሚሆነው ድራማው የገዛ ቁስሉን ሳያውቀው ሲደግመው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተላለፈው «ታርንታይፕ» የተባለው የታይላንድ ድራማ ዋና ገጸ ባሕርይ ታይፕ በልጅነቱ በአንድ ጎልማሳ የተደፈረ ነው። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች፣ ኋላ ፍቅረኛው የሚሆነው ታርን እንቅልፍ የወሰደውን ታይፕን ያለ ፈቃዱ ይነካዋል። ትዕይንቱም በቀልድና በማሽኮርመም ቃና ቀርቧል። የታይፕ ጉዳት ያለ ፈቃድ መነካት ከሆነ፣ ታሪኩ ያንኑ ድርጊት የፍቅር መግቢያ ሲያደርገው ቁስሉን እንደ ምክንያት ጠቅሶ እንደ ትርጉም ረስቶታል ማለት ነው። ሥራው ብዙ ተመልካች ነበረው፤ ይህ ግን የአወቃቀሩን ጉድለት አይሸፍነውም።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? በእኔ አስተያየት ጉዳዩ ከውበት ያልፋል። የፈውስ ትልም ለቆሰለ ተመልካች የሚነግረው አንድ ድብቅ ነገር አለ፤ «የሚወድህ ሰው ቢመጣ ኖሮ ትድን ነበር» ይለዋል። ያልመጣለት ሰው እንግዲህ ሊድን አይችልም ማለት ነው። የመጣለትም ቢሆን ከተወደደ በኋላ ሕመሙ ካልተወው ጥፋቱ የራሱ ይሆናል፤ ወይም ፍቅሩ እውነተኛ አልነበረም ይባላል። አቁሳዮቹ ደግሞ ከሂሳቡ ይወጣሉ። አባት፣ ትምህርት ቤቱና ሕጉ ያደረሱትን ጉዳት አንድ የሃያ ዓመት ወጣት በእቅፉ እንዲከፍል ይጠየቃል። ዕዳውን ያልተበደረው ሰው ነው የሚከፍለው።

መደምደሚያ

በዚህ ጽሑፍ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን የሚተርኩ አንዳንድ ድራማዎች ቁስልንና መሻርን የሚያቀርቡባቸውን መንገዶች ለማሳየት ሞክሬያለሁ። የታይላንዱ «ዳግም እስክንገናኝ» ታሪኩን ከመቃብር በመጀመር የዝምታን ዋጋ ያሳያል። «ሃርትስቶፐር» ሕክምናን በታሪኩ መካከል በማስቀመጥ ፍቅረኛውን ከሐኪምነት ያሳርፈዋል። «ኃጢአት ነው» የተከለከለ ስንብት ምን እንደሚያደርስ ያቀርባል፤ «የመንገድ ጓዶች» ደግሞ አቁሳዩን በፍቅረኛው ውስጥ አግኝቶ እስከ አደባባይ ምስክርነት ይከተለዋል። አራቱም ቁስሉን ወደመጣበት ይመልሱታል።

ከዚህ በመነሣት ተመሳሳይ ሥራዎችን ለሚመረምሩ ተማሪዎች ሦስት ጥያቄዎችን እጠቁማለሁ። አንደኛ፣ ቁስሉን ያደረሰው ማን ነው? በታሪኩ ውስጥስ ስም አለው ወይስ የለውም? ሁለተኛ፣ ያለፈው ነገር በምልሰት ሲመጣ ሕመሙ የሚወርደው በማን ላይ ነው? በገጸ ባሕርዩ ላይ ወይስ ለተመልካች መረጃ ለመስጠት ያህል ብቻ? ሦስተኛ፣ ቁስሉ ሲነገር ከፍቅረኛው ሌላ የሚሰማው አለ ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች በሥዕል ለሚታይ ድራማ ብቻ ሳይሆኑ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ለምናገኛቸው በጦርነት፣ በስደትና በግዳጅ ጋብቻ ለቆሰሉ ገጸ ባሕርያትም ያገለግላሉ ብዬ አምናለሁ። እዚያም ቢሆን ታሪኩ ሲያልቅ ጠባሳው የት እንዳለ መፈለግ ከአንባቢው ይጠበቃል።